በብርጭቆ መንፊያ ቤት ዓይናችሁ የት ይሁን?

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ብርጭቆ በትንፋሽ የሚሠራባቸው የጥንት መንፊያ ቤቶች ዛሬ በራቸውን ለጎብኚ ከፍተዋል። ቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት፣ በስዊድን ኮስታ፣ በእንግሊዝ ስተርብሪጅ፣ በስፔን ላ ግራንሃ፣ በአሜሪካ ጄምስታውን ገብቶ ማየት ይቻላል። የጉብኝቱ ወግ ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። ጎብኚው በገመድ ከተከለለ ቦታ ጀርባ ይደረደራል፣ አንድ ሰው ረጅም የብረት ቧንቧ ይዞ ይመጣል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ማሰሮ ወይም አንድ ትንሽ ፈረስ ተሠርቶ ይታያል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሱቁ ይጎርፋል።

ዛሬ የማወራው ስለዚያች ሩብ ሰዓት ነው። ክርክሬ አጭር ነው፤ አብዛኛው ሰው ዓይኑን የሚተክለው የሚሠራው ዕቃ ላይ ስለሆነ ሥራው ያመልጠዋል። ዕቃውንማ ሱቁ ውስጥ እንደ ልባችን እያገላበጥን እናየዋለን። መንፊያ ቤቱ ውስጥ ብቻ የሚታዩት ነገሮች ሌሎች ናቸው፤ ምድጃው፣ የረዳቱ አረማመድ፣ ከቅዝቃዜ ጋር የሚደረገው እሽቅድምድም፣ ደግሞም ነገር ሲበላሽ የሚሆነው። በነገራችን ላይ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመሀሉ እያነሣሁ አላሰለቻችሁም።

ከምድጃው እንጀምር። የብርጭቆ ዋናው ነገር አሸዋ ነው። ንጹሕ የአሸዋ ሲሊካ ብቻውን እንዲቀልጥ 1700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈልጋል፤ ይህን ያህል ሙቀት በእንጨት እሳት ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ሶዳ ጨመሩበት። ለሮማውያን ብርጭቆ የሚሆነው ሶዳ በአመዛኙ የመጣው ከግብፅ፣ ከዋዲ ናትሩን ጨዋማ ሐይቆች ነበር፤ በኋላ ዘመን ጫካ ውስጥ የሚሠሩት የአውሮፓ ሠሪዎች የእንጨት አመድ ተጠቀሙ። ሶዳው የመቅለጫውን ሙቀት ያወርደዋል፣ ግን አዲስ ችግር ያመጣል፤ በአሸዋና በሶዳ ብቻ የተሠራ ብርጭቆ ውሃ ያሟሟዋል። ይህን የሚያስተካክለው ኖራ ነው። አሸዋ፣ ሶዳ፣ ኖራ። የዛሬው የመስኮት መስታወትም የጠርሙሱም መሠረት ይኸው ነው።

መንፊያ ቤት ስትገቡ የሚቀበላችሁ ድምፅ የዚህ ምድጃ ጉርምርምታ ነው። ውስጡ ያለው የቀለጠ ብርጭቆ ለሥራ የሚቀመጠው 1100 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ጥሬ ዕቃው መጀመሪያ ሲቀልጥ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ሙቀቱን ሳይሆን ምድጃው አለመጥፋቱን ነው። ሠራተኞቹ ቤታቸው ገብተው ሲተኙም ይነዳል፣ በበዓልም ይነዳል። ካጠፉት ብርጭቆ የያዘው የሸክላ ጋን ይሰነጠቃል፣ መልሶ ለማሞቅም ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ የመንፊያ ቤት ትልቁ ወጪ ነዳጅ ነው፤ ዕቃ ቢሸጥም ባይሸጥም ሂሳቡ ይመጣል። ከ2021 መገባደጃ ጀምሮ በአውሮፓ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ሙራኖ ላይ ብዙ ምድጃዎች ጠፉ። ጦርነትና ወረርሽኝ አይተው ያለፉ ቤቶች በጋዝ ደረሰኝ ተንበረከኩ።

ነዳጅ የሕንፃውንም ቅርጽ ወስኗል። እንግሊዝ ውስጥ በ1615 ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ብርጭቆ ሠሪዎች እንጨት እንዳያነዱ በአዋጅ ከለከሉ፤ እንጨቱ ለመርከብ ይፈለግ ነበር። ሠሪዎቹ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። ከሰል ደግሞ ኃይለኛ የአየር ስበት ይፈልጋል። በኋላ ላይ የመጣው መላ ከሩቅ የሚታየው ግዙፍ የጡብ ሾጣጣ ነው። ስተርብሪጅ አጠገብ ወርድስሊ ላይ ያለው ሬድ ሃውስ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ 1936 ድረስ ብርጭቆ ተሠርቶበታል። ካትክሊፍ የሚባለው ቦታ ያለው ደግሞ የ1740 ነው። እንዲህ ዓይነት ሾጣጣ ውስጥ ከገባችሁ ቀና ብላችሁ ጫፉን እዩት። ሕንፃው በሙሉ የጭስ ማውጫ ነው። ምድጃው መሀል ላይ ተቀምጦ ሠራተኞቹ ዙሪያውን፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ውስጥ ቆመው ይሠሩ ነበር። አየሩ ከመሬት በታች በተቆፈረ ቦይ እየተሳበ ይገባል፣ ሙቀቱ በጫፉ ይወጣል። አስጎብኚው ይህን ካልነገራችሁ ጠይቁት፤ ሳይነግር የሚያልፍ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ በመንገዴ ላንሣ፣ ስለምወደው ነው። በደቡብ ስዊድን በስሞላንድ ጫካዎች ውስጥ ባሉ መንፊያ ቤቶች ሥራ ካበቃ በኋላ መንገደኛውም ሥራ ፈላጊውም የሰፈሩ ሰውም በምድጃው ሙቀት ሊያድር ይሰበሰብ ነበር። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በዚያው ሙቀት ጠብሰው ይበላሉ፣ ሙዚቃ ይጫወታሉ፣ ወሬ ይለዋወጣሉ። ዛሬ ያንኑ ማዕድ ለጎብኚ ያቀርቡታል። እሳቱ ለማንኛውም ስለሚነድ ሙቀቱ የሁሉም ነበር።

አሁን ወደ ሠርቶ ማሳያው።

ሠሪው በመጀመሪያ የቧንቧውን ጫፍ ያሞቃል። ቀዝቃዛ ብረት ላይ ብርጭቆ በደንብ አይዝም። ቧንቧው ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ውስጡ ክፍት ነው። ጫፉን ምድጃው ውስጥ ከቶ ያሽከረክራል፣ ሲያወጣው አንድ የሚያበራ ጉብታ ተጠቅልሎበት ይወጣል። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ቧንቧው መሽከርከር አያቆምም። ብርጭቆው በዚያ ሙቀት እንደ ወፍራም ማር ነው፤ ማሽከርከር ከተወ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ሠሪው ከሰው ሲያወራ፣ ሲራመድ፣ ሲቀመጥ የግራ እጁን ጣቶች እዩአቸው። አያርፉም። ለእናንተ እየቀለደም ጣቶቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ቀጥሎ ጉብታውን በብረት ጠረጴዛ ላይ ያንከባልለዋል። ይህ ለቅርጽ ብቻ ይመስላል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን የላይኛውን ቆዳ ትንሽ ማቀዝቀዝ ነው። ቆዳው ጠንከር ካላለ ትንፋሹ ሲገባ ብርጭቆው በደካማው በኩል ያብጣል። ከዚያ የምትጠብቁት ነገር ይመጣል፤ እፍ ይላል። እዚህ ላይ አንድ የሚያመልጣችሁ ነገር አለ። ብዙ ሠሪዎች አጭር ትንፋሽ ከሰጡ በኋላ አፋቸውን አንሥተው የቧንቧውን ጫፍ በአውራ ጣት ድፍን ያደርጉታል። ማንም አይነፋም። ግን በሌላው ጫፍ፣ የብርጭቆው እምብርት ውስጥ፣ አንዲት አረፋ ቀስ ብላ ትወለዳለች። ቧንቧው ውስጥ የታፈነው አየር ከብርጭቆው ሙቀት ወስዶ እየሰፋ ነው። ጉንጭ ነፍቶ ፊት አቅልቶ የሚታገል ሠሪ ካያችሁ ወይ ለጎብኚው ሲል ነው፣ ወይ ብርጭቆው በርዶበታል።

አረፋዋ ከተያዘች በኋላ ተመልሶ ምድጃው ውስጥ ገብቶ ሌላ ብርጭቆ ይደርብባታል። ትልቅ ዕቃ የሚሠራው እንዲህ በመደራረብ ነው። ይህን ክብደት የሚያስተካክለው ከእንጨት የተቦረቦረ ጭልፋ መሰል መሣሪያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቼሪ ወይም ከሌላ የፍራፍሬ ዛፍ ይሠራል፣ ሁልጊዜ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። እርጥቡ እንጨት የጋለውን ብርጭቆ ሲነካ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ብርጭቆው በእንፋሎቱ ላይ ይንሸራተታል። ከሁሉ የሚገርመው መሣሪያ ግን ጋዜጣ ነው። አዎ፣ ጋዜጣ። ብዙ ገጽ ተደራርቦ ይታጠፍና ውሃ ይጠጣል፣ ሠሪው በባዶ መዳፉ ላይ ያደርገውና የጋለውን ብርጭቆ በቀጥታ ይዳብስበታል። በእጁና በዚያ ሁሉ ሙቀት መሀል ያለው ጥቁር የሆነ እርጥብ ወረቀት ብቻ ነው። የሚጨሰው ወረቀት ሽታ ገመዱ ጋ ለቆማችሁት ይደርሳል። ሠሪዎቹ ይህን የሚመርጡት ሌላ መሣሪያ የማይሰጠውን ስለሚሰጥ ነው፤ የብርጭቆውን ቅርጽ በመዳፋቸው ይሰማቸዋል።

ሠሪው የሚቀመጥበትን ወንበር ልብ በሉ። ሁለት ረዣዥም ክንዶች አሉት፣ ቧንቧው በእነሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል። አንድ እጅ ያንከባልላል፣ ሌላው መሣሪያ ይይዛል። ዋናው መሣሪያ በመሀል የተጣጠፈ ሁለት ምላስ ያለው ጉጠት ነው፤ እንዳይጣበቅ በሰም ይታሻል። በዚህ ጉጠት የዕቃው አንገት ይጠበባል፣ ከንፈሩ ይከፈታል። በየመሀሉ ሠሪው ተነሥቶ ዕቃውን እንደገና ወደሚሞቅበት አፍ ይወስደዋል። ይህ መመላለስ ለጎብኚው እረፍት ይመስለዋል፣ ስልኩን የሚያወጣው ያኔ ነው። ሥራው የሚለካው ግን በዚህ መመላለስ ነው። ጎበዝ ሠሪ ቶሎ ቶሎ አይመላለስም፣ ዘግይቶም አይሄድም፤ ብርጭቆው በልኩ ሲለሰልስ ያውቃል። ቴርሞሜትር የለም። የብርሃኑን ቀለምና በቧንቧው በኩል የሚሰማውን ክብደት ነው የሚያነበው።

ስለ ቀለም ካነሣን፣ የጋለ ብርጭቆ ላይ ትክክለኛው ቀለም አይታይም። በኮባልት ሰማያዊ የሆነውም በመዳብ አረንጓዴ የሆነውም ምድጃው አፍ ላይ ሁሉም ብርቱካናማ ነው። ሠሪው ቀለሙን በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚሠራው፣ እናንተም የምታዩት ሲበርድ ነው። በወርቅ የሚሠራው ቀይ ብርጭቆ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ መጀመሪያ ቀለም የሌለው ሊመስል ይችላል፣ ቀዩ የሚወጣው ቀዝቀዝ ብሎ እንደገና ሲሞቅ ነው።

ከሩብ ሰዓቱ ውስጥ አንድ ደቂቃ ብቻ እዩ ብባል የምመርጠው መሸጋገሪያውን ነው። ዕቃው እስካሁን በአንገቱ በኩል ቧንቧው ላይ ተጣብቋል፤ አፉ እንዲሠራ ግን መላቀቅ አለበት። ረዳቱ ጫፉ ላይ ትንሽ የጋለ ብርጭቆ የያዘ ሌላ ዘንግ ያመጣል። የዕቃው ቂጥ ላይ ይለጥፈዋል። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ናቸው፣ መሀላቸው ዕቃው ሁለቱንም ብረት ይዞ ይንጠለጠላል። የረዳቱ ብርጭቆ በጣም ከጋለ ተጣብቆ ይቀራል፣ በኋላ ሲላቀቅ የዕቃውን ቂጥ ይዞ ይሄዳል። ከበረደ ደግሞ አይዝም፣ ዕቃው መሬት ላይ ነው። ሠሪው በጠበበው አንገት ላይ ጠብታ ውሃ ያሳርፋል፣ ቀጭን ስንጥቅ ይፈጠራል፣ ቧንቧውን መታ ያደርገዋል። ጠቅ! ዕቃው ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ተሻግሯል። በዚህ መሀል አንድም ቃል አልተነገረም።

ሠሪው ሲያበቃ ዕቃውን አንሥቶ አያሳያችሁም። ወፍራም ጓንት ያደረገ ሰው ይቀበለውና ወደ አንድ ሳጥን ይዞት ይሮጣል። ሳጥኑ 500 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ሌላ ምድጃ ነው፤ ሥራው ማሞቅ ሳይሆን ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ነው። ብርጭቆ ከላይ ቀድሞ ከውስጥ ዘግይቶ ከበረደ ውስጡ ውጥረት ይቀራል፣ ዛሬ ወይም ከሳምንት በኋላ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ቀጭን ብርጭቆ በአንድ ሌሊት ይበርዳል፣ ወፍራሙ ቀናት ይፈልጋል። በ1934 በአሜሪካ ኮርኒንግ ለፓሎማር ቴሌስኮፕ የፈሰሰው 5 ሜትር ስፋት ያለው የብርጭቆ ዲስክ እስኪበርድ አሥር ወር ገደማ ቆይቷል።

አንዳንድ ቤቶች ይህን ውጥረት በጠብታ ያሳያሉ። የቀለጠ ብርጭቆ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጠብ ሲል ራስና ቀጭን ጅራት ያለው ጠብታ ይሆናል። ራሱን በመዶሻ ብትመቱት ይችላል፤ ጅራቱን በጉጠት ቆረጥ ስታደርጉት ሁለመናው ዱቄት ይሆናል። ልዑል ሩፐርት ወደ እንግሊዝ ካመጣው በኋላ ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ በ1661 ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የሳይንስ ማኅበር ሊቃውንት እንዲመረምሩት ሰጥቷቸዋል። ካሳዩአችሁ የመከላከያ መነጽር አድርጉ፣ ቀልድ አይደለም።

ወደ ረዳቱ ልመለስ። በሙራኖ ባህል አንድ ቡድን ዋና ሠሪ፣ ከሥሩ ረዳት፣ ከሥሩ ደግሞ ተለማማጅ ልጅ አለው። እንግሊዞቹም ተመሳሳይ የአራት ሰው ቡድን ነበራቸው፤ አራተኛው የተጠናቀቀውን ዕቃ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያመላልስ፣ ብዙውን ጊዜ ገና ሕፃን የሆነ ልጅ ነበር። የጥንቱን ነገር ስናደንቅ ይህን መዝለል አግባብ አይመስለኝም። ዛሬ ልጆቹ የሉም፣ ቡድኑ ግን አለ። ረዳቱን ስታዩ እግሩን እዩ። ሠሪው ሳይጠራው ይመጣል፣ ዘንጉ በልኩ ግሎ ይደርሳል፣ ሠሪው እጁን ሲዘረጋ መቀሱ እዚያ ነው። ዕቃው ከመጀመሩ በፊት መጨረሻውን ሁለቱም ያውቁታል። ብዙ ዓመት አብሮ የሠራን ቡድን ከአዲስ ቡድን የምትለዩት ሠሪውን በማየት አይደለም፤ አዲሱ ቡድን ያወራል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ከምታስቡት ይልቅ ቅርብ ነው። ሰው ብርጭቆ ሲሠራ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው እፍ ማለትን ያገኘው። በ14ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ ቱርክ ጠረፍ ላይ የሰጠመችው የኡሉቡሩን መርከብ ሰማያዊ የብርጭቆ ጉብታዎች ጭና ነበር፤ ያኔ ብርጭቆ በፎርማ እየፈሰሰ ወይም እየተጠቀለለ የሚሠራ የነገሥታት ዕቃ ነው። መንፋት የተጀመረው በመጀመሪያው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ በሶርያና ፍልስጤም ጠረፍ አካባቢ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ ከ50 ቅድመ ክርስቶስ ገደማ የሆነ የነፊዎች ጥራጊ ተገኝቷል፣ ገና መማር ላይ የነበሩ ሰዎች ትርፍራፊ። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ ረከሰ፣ ተራ ሰው ቤት ገባ። በመጀመሪያው መቶ ዘመን ኤኒዮን የሚባል ሠሪ በዕቃዎቹ ላይ «ኤኒዮን ሠራው» ብሎ በግሪክኛ ይጽፍ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ላይ «የገዛው ይታወስ» የሚልም አለ። ገዢውን መመረቁ ሻጭነቱን አያሳብቅበትም ትላላችሁ?

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የምሥጢር ታሪክ ነው። በ1291 የቬኒስ መንግሥት እሳት ከተማዋን እንዳያጠፋ ምድጃዎቹ ወደ ሙራኖ እንዲዛወሩ አዘዘ። ውሃ የከበባት ደሴት ሠሪዎቹን ለመቆጣጠርም ተመቸች። ሠሪዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ ውጭ እንዳይሄዱ ተከለከሉ፤ በምላሹ ክብር ተሰጣቸው፣ የሠሪ ልጅ ያገባ መኳንንት ልጆቹ ማዕረጋቸውን አያጡም ነበር። ያም ሆኖ ፈረንሳዮች በ1665 የመስታወት ሠሪዎችን አባብለው ወሰዱ፤ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ያለው 357 መስታወት የተደረደረበት አዳራሽ የዚያ ስርቆት ፍሬ ነው። እንግዲህ ይህን አስቡት፤ ትናንት ለባዕድ ማሳየት ወንጀል የነበረበት ሥራ ዛሬ ለማንም ቲኬት ለቆረጠ ይታያል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ማይክል ኦውንስ ጠርሙስን በራሱ የሚነፋ ማሽን ሠራ፣ ነፊው ገበያውን አጣ። ዛሬ ብዙ ቤቶች የዕቃ ሽያጩ ብቻውን ምድጃውን አያነድላቸውም፣ የጎብኚው ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። በዚህ የሚያፍሩ ሠሪዎች አሉ፣ የሚያፌዙም ተቺዎች አሉ። እኔ በበኩሌ ማሳየቱ አያሳፍርም እላለሁ። የሚያሳስበኝ ማሳየቱ ሥራውን የሚመርጥለት መሆኑ ነው። የሙራኖን ፈረስ ውሰዱ። ሁሉም የሚያየው እሱን ነው፤ አንድ ጉብታ ብርጭቆ ይወጣል፣ ሠሪው በወረንጦ ሳብ ሳብ ያደርገዋል፣ አንገት፣ ጋማ፣ አራት እግር፣ በደቂቃዎች ውስጥ ፈረስ ቆመ። እጅን በአፍ ያስጭናል፣ አልክድም። ግን ፈረሱ ድፍን ነው፤ አንዲት ትንፋሽ አልገባችበትም! ሰው «ብርጭቆ ሲነፋ አየሁ» ብሎ ይመለሳል፣ ያየው ሲጎተት ነው። ፈረሱ የተመረጠው ስለሚፈጥንና ስለማይከሽፍ ነው። ቀጭን እግር ያለው የወይን ብርጭቆ ግን አንድ ሰዓት ሊጠይቅ ይችላል፣ መጨረሻው ላይ ሊወድቅም ይችላል። እንዲህ ያለውን የሚያሳይ ቤት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ሠርቶ ማሳየት ሙያ ያዳነበትም ጊዜ አለ። በ1962 በአሜሪካ ቶሊዶ ሙዚየም የሴራሚክ አስተማሪው ሃርቪ ሊትልተን አንድ ሠዓሊ ብቻውን የሚያሠራው ትንሽ ምድጃ ይቻል እንደሆነ ለመሞከር ሰዎች ሰበሰበ። የመጀመሪያው ቅልጥ አልሆነም። የብርጭቆ ፋብሪካ ተመራማሪው ዶሚኒክ ላቢኖ ለፋይበር፣ ማለትም ለብርጭቆ ክር፣ የሚሆኑ የብርጭቆ ብዮች አምጥቶ ሲቀልጡ ነገሩ ተቃና። መቅለጡ ተሳካ፣ መንፋቱን ግን አያውቁም። አሠራሩን ያሳያቸው ከፋብሪካ በጡረታ የወጣ ነፊ ነበር። ዛሬ በየአገሩ ያለው የግል የብርጭቆ ስቱዲዮ ከዚያ ይወለዳል። መጽሐፍ ነበራቸው፣ ፎርሙላ ነበራቸው፤ የጎደላቸው አንድ ሲሠራ የሚታይ ሰው ነበር።

ዩኔስኮም በ2023 በቼክ፣ በፊንላንድ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በሃንጋሪና በስፔን ያለውን የእጅ ብርጭቆ ሥራ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። በዚያው ዓመት የሶርያ ነፊዎች ሙያ የገባው አስቸኳይ ጥበቃ የሚሻው መዝገብ ውስጥ ነው፤ ሙያው የተወለደበት አካባቢ መሆኑን አትርሱ።

ለምትሄዱ ሰዎች ጥቂት የተግባር ነገር። ማሳያው ላይ ብቻ አትድረሱ፤ ለጎብኚ ሳይሆን ለትዕዛዝ የሚሠራበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ ጠይቁና ያኔ ቁሙ። ሠሪውን ከጎን እዩት እንጂ ከፊት አትዩት፤ ከፊት ዕቃው ብቻ ነው የሚታየው። የስብርባሪ ሣጥኑን ፈልጉ። ተመልሶ ይቀልጣል፣ እንዲያውም አዲሱ ቅልጥ ቶሎ እንዲሄድ ይረዳል፤ የሣጥኑ ሙላት ደግሞ ሥራው ስንት ጊዜ እንደሚከሽፍ ይነግራችኋል። ዕቃ ስትገዙ ገልብጡት። የረዳቱ ዘንግ የነበረበት ጠባሳ ቂጡ ላይ አለ፣ ወይም ተሞርዶ የለሰለሰ ክብ ይታያል። ውስጡ ያሉ ጥቃቅን አረፋዎች ግን የእጅ ሥራ ማስረጃ አይደሉም፤ ማሽንም ሆን ብሎ ያስገባቸዋል።

አስጎብኚ «ብርጭቆ ፈሳሽ ነው፣ የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ከታች የሚወፍረው ለዘመናት እየፈሰሰ ነው» ቢላችሁ በትሕትና እለፉት። በተራው የአየር ሙቀት ብርጭቆ አይፈስም። ጥንት መስታወት እኩል ውፍረት ይዞ አይወጣም ነበር፣ ገጣሚውም ወፍራሙን ጎን ብዙ ጊዜ ወደ ታች ያደርገዋል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ላካትት። አንዷ አድማጭ ትልቅ ሳንባ ያስፈልጋል ወይ ብለው ነበር። አያስፈልግም። በልኩ የጋለ ብርጭቆ በጣም ትንሽ ትንፋሽ ይበቃዋል፤ የሚደክመው ትከሻና አንጓ ነው፣ ብረቱና ብርጭቆው ከሰውነት ርቀው ስለሚያዙ።

አንድ ወጣት ደግሞ ጎብኚ ራሱ መሞከር ይችላል ወይ አለኝ። ብዙ ቤቶች ይፈቅዳሉ። የጥጥ ልብስ ልበስ፣ ናይለን ሙቀት ላይ ይቀልጣል። ጫማህ የተሸፈነ ይሁን። ቧንቧውን ሠሪው ይይዝልሃል፣ አንተ ሲልህ እፍ ትላለህ፣ አቁም ሲልህ ታቆማለህ፤ የሚያስቸግረው ማቆሙ ነው። ዕቃህን ግን በዚያው ቀን አትወስደውም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያድራል፣ በማግስቱ መጥተህ ትወስዳለህ ወይም በፖስታ ይልኩልሃል፤ ስለዚህ አድራሻህን መተውህን አትርሳ።